ልዕልት ፀሐይና ዋርድ ጥለው የሚሄዱት ነርሶች

በነርሲንግ ትምህርት ክፍል ስለ ሙያችን ታሪክ ሲነሳ ሁለት ስሞች አይቀሩም። አንዱ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው፤ ሌላው የኛዋ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። የልዕልቲቱ ታሪክ የሚነገረን ግን ብዙ ጊዜ ለተግሣጽ ነው። የንጉሥ ልጅ ሆነው የበሽተኛ ገላ አጥበዋል፤ የዛሬ ተመራቂ ግን ገና ዲፕሎማው ሳይደርቅ ቢሮ ይፈልጋል እየተባለ። እኔ ሕይወታቸውን ሳነብ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ውድ አንባብያን ከኔ ጋር ባትስማሙም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የመጨረሻ ሴት ልጅ ናቸው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ገና ወጣት ነበሩ፤ ከመኳንንቱ ሴቶች ጋር ሆነው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ በማሰናዳቱ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። በዛሬ ቋንቋ ብንጠራው የማስተባበር ሥራ ነው፤ ከበሽተኛው አልጋ የራቀ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ገቡ።

እዚያ እንደ ልዕልትነታቸው እንግዳ እየተቀበሉ፣ ስለ አገራቸው እየተናገሩ መኖር ይችሉ ነበር። ማንም አይነቅፋቸውም። እሳቸው ግን ለንደን ውስጥ በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገቡ። የዚያን ዘመን ተማሪ ነርስ ሥራ የምናውቀው ነው፤ አንሶላ መቀየር፣ የሽንት ዕቃ ማጠብ፣ ሙቀት መለካት፣ ሌሊት ከታመመ ሕፃን አጠገብ ማደር። ሦስት ዓመት ገደማ ተምረው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። በዚህም አላበቁም። አዋቂዎችን ለማስታመም የሚያበቃውን ትምህርት ደግሞ በጋይስ ሆስፒታል ጀመሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሳው በዚሁ ወቅት ነው።

አገራችን ነፃ ስትወጣ ተመልሰው ደሴ ሆስፒታል በነርስነት ሠሩ። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙም አብረው ወደ ነቀምት ሄዱ። ከሠርጋቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ስታስታምም የነበረች ነርስ በዚህ ምክንያት መሞቷ፣ የማዋለጃ ክፍል ልምምድ ለወጣን ተማሪዎች ከባድ ነው። እናት ባጠገቧ የሠለጠነ ሰው ተቀምጦ ደም ግፊቷን፣ ትርታዋንና የሚፈሳትን ደም በየጊዜው ካላየላት ምን ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለንና።

ተማሪ ከሆኑበት ቀን እስከሞቱበት ቀን ያለው ጊዜ ተደምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ ይህን ሕይወት ለተግሣጽ ከመጠቀማችን በፊት እስቲ ምን እንዳቆያቸው እንይ። ወኔ ነበራቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን በደመወዛቸው ታናናሽ ወንድምና እህት የማስተማር ዕዳ አልነበረባቸውም። የተማሩት ደግሞ ከበላያቸው የምታሳይና የምታርም ሲስተር ባለችበት፣ ዕቃው በተሟላበት ዋርድ ነው።

እኔ ያደግሁት ሞርሲቶ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ነርስ ሆነ ማለት ለቤተሰቡ ደመወዝ መጣ ማለት ነው፤ እንሰት ሸጠው፣ ከብት ሸጠው ያስተማሩ አባትና እናት ይጠብቃሉ። ልምምድ በወጣሁበት አንድ ዋርድ ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን ስትሮጥ አይቻለሁ፤ ጓንት አልቆ ነበር። የዱቲ ክፍያዋም ለወራት አልተከፈላትም ነበር። ይህች ልጅ በፕሮጀክት መሥሪያ ቤት የተሻለ ደመወዝና የመስክ አበል ያለው፣ ሌሊት የሌለው ሥራ ብታገኝ ለምን ትሄዳለች ብሎ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ሙያዋን ስለጠላች አይደለም። አንዱ ደግሞ ትዳር ነው። የልዕልቲቱን መኖሪያ ከደሴ ወደ ነቀምት የለወጠው የባል ሹመት ነበር። ዛሬም የትዳር ጓደኛዋ ሌላ ቦታ ተመድቦ ዝውውር ስትጠይቅ የተከለከለች ነርስ ያላት ምርጫ መልቀቅ ነው።

ዋርድ ትቶ መሄድ ሁሉ ጥፋት ነው አልልም። ናይቲንጌል ራሷ በክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ያስታመመችው እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1856 ነው። ከዚያ በኋላ እስከሞተችበት እስከ 1910 ድረስ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው አሃዝ እያሰላችና ሪፖርት እየጻፈች ነው። ልዩነቱ እሷ በ1860 በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ያስከፈተችው ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ነርሶችን ወደ ዋርድ መላኩ ነው። የኛ አገር ቢሮ ግን አንዳንዴ ወደ ዋርድ የሚልከው ፎርም ነው። እሱንም የምትሞላው ያችው ብቻዋን የቀረችው ነርስ ናት!

ወደ ልዕልቲቱ ልመለስ። ከሞቱ በኋላ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰቡ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1944 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከፈተ፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። ወዳጆቻቸው ለስማቸው ሐውልት ሊያቆሙ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ያቆሙት አልጋና መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ነው፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ጨመሩበት። ፀሐይን አርአያ አድርጉ የሚሉን ኃላፊዎች ከታሪካቸው ይህን ምዕራፍም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በተለይ የሌሊት ተረኛ ስንት ይሁን፣ የዱቲ ክፍያ መቼ ይከፈል፣ ዋርድ ውስጥ የቆየ ነርስስ ቢሮ ሳይገባ እንዴት ይደግ የሚለውን ሲወስኑ።