ፍሬድሪክ ሚሸር

ፍሬድሪክ ሚሸር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። እንደ አባቱ ሕክምና ቢማርም ጆሮው በደንብ ስለማይሰማለት ፊቱን ወደ ምርምር አዞረ።

በ1868 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ቱቢንገን ሄደ። በዚያ የሠራበት ቤተ ሙከራ ቀድሞ የአንድ ጥንታዊ ግንብ ማድ ቤት ነበር። ከሐኪም ቤት የሚጣለውን መግል የነካው ፋሻ እየሰበሰበ ሕዋሳቱን አጥቦ ለየ። ፕሮቲኑን ከአሳማ ጨጓራ ባወጣው ፈሳሽ አስወገደ፤ የቀረውን ኒውክለስ በአልካሊ አሟምቶ በአሲድ አዘቀጠ። በዚህ ዘዴ በ1869 ዓ.ም. ፎስፎረስ ያለበት፣ ከፕሮቲን የተለየ አዲስ ነገር አገኘ፤ ስሙንም ኒውክሊን አለው። መምህሩ ሆፔ ዛይለር ሙከራውን ራሱ ደግሞ ካረጋገጠ በኋላ ጽሑፉ በ1871 ዓ.ም. ታተመ።

ሚሸር ወደ ባዝል ሲመለስ መግሉን ትቶ ከራይን ወንዝ የሚጠመደውን የሳልሞን ዓሣ የዘር ፈሳሽ መረጠ። የዚህ ዘር ሕዋስ አብዛኛው ክፍል ኒውክለስ ስለሆነ፣ ከመግሉ ይልቅ ብዙና ንጹሕ ኒውክሊን ሰጠው። ኒውክሊኑ እንዳይበላሽ ሲል በብርድ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ይደክም ነበር። በመጨረሻም በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1895 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ዐረፈ።

ኒውክሊን ዛሬ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ነው። የዘር ውርስን የሚያስተላልፍ መሆኑ በሙከራ የታየው በ1944 ዓ.ም.፣ እርሱ ከሞተ ከ49 ዓመት በኋላ ነው። ሚሸር የድካሙን ፍሬ ሳያይ ቢያልፍም፣ ዛሬ ተማሪዎች በጨው፣ በሳሙናና በአልኮል ብቻ ከሙዝ ወይም ከሽንኩርት ዲ.ኤን.ኤ. ሲለዩ እርሱ የጀመረውን መንገድ ይከተላሉ።