ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና ከእጃቸው የወጣው የጎጃም ልብ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነማይ ወረዳ የምትገኘው ዲማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳሟና በአብነት ትምህርት ቤቷ ስሟ የታወቀ ጥንታዊት ስፍራ ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት፣ በኋላም በ1958 ዓ.ም. ለታተመው ለፍቅር እስከ መቃብር ልቦለዳቸው ዋና መቼት ያደረጓት ይህችው ዲማ ናት። በልቦለዱ ውስጥ በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት የዲማ ገበሬዎች የደራሲው የፈጠራ ሰዎች ናቸው። ይሁንና በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ በልጅነትና በወጣትነት ዘመናቸው ያዩት ጎጃም የአንድ ሰው ጎጃም ነበር፤ እርሳቸውም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ራስ ኃይሉ ከአምስት ያላነሱ የመንግሥት ለውጦችን አይተው፣ በአብዛኞቹም ውስጥ ሥልጣን ወይም የሥልጣን ተስፋ ይዘው የኖሩ መስፍን ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣሊያ ጎን መሰለፋቸው ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። ከእርሳቸው ሕይወት ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በየጊዜው የተፈራረቁ መንግሥታት ራስ ኃይሉን በእጁ ያደረገ ጎጃምን በእጁ እንዳደረገ ይቆጥሩ የነበረ መሆኑና ይህ ስሌት እየዋለ እያደረ መፍረሱ ነው።

ራስ ኃይሉ በ1860 ዓ.ም. አካባቢ የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነዋል። ወገን መለወጥ በዚያ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማርከዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከዚሁ ከማረካቸው ንጉሥ ጋር በአፄ ዮሐንስ ላይ ተስማምተዋል። በመካከሉ በጥር 1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል መሆናቸውና ጎንደር መቃጠሏ ይታወሳል። አፄ ዮሐንስ ስምምነቱን በሰሙ ጊዜ በ1881 ዓ.ም. መባቻ ወደ ጎጃም ዘምተው አገሩን አጠፉት። ንጉሡ በአምባ ተጠግተው ኋላ በዕርቅ ሲተርፉ፣ ከብቱ የተነዳውና እህሉ የተቃጠለው የገበሬው ነበር። የመኳንንቱ ውል መቀያየር ለባላገሩ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዐድዋ ዘምተው በጥር 1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አፄ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፍለው ለተለያዩ ሹማምንት ሰጡት። አገሩ እንደገና በአብዛኛው በአንድ እጅ የተሰበሰበው ኃይሉ ራስ ተብለው ደብረ ማርቆስ ከተቀመጡ ወዲህ ነው። ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ በመዳር ከምኒልክ ቤት ጋር ተሳሰሩ። ሆኖም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አማችነቱ ራስ ኃይሉን ከአዲሱ መንግሥት አላራቃቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ግዛታቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ሮማንና ለንደንን በጎበኙበት ታላቅ ጉዞ ከተከተሏቸው መኳንንት መካከል ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል።

ከዚህ ጉዞ የተመለሱት ራስ ኃይሉ የአውሮፓን ሥልጣኔ በተለይም የገንዘብን ኃይል ጠንቅቀው የተረዱ ሰው ነበሩ። ከመኳንንቱ መካከል በንግድና በከተማ ሀብት ቀድመው ከገቡት አንዱ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የሀብታቸው ምንጭ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጎጃም ገበሬ ነበር። በግብርና በልዩ ልዩ መዋጮ ጫና ማብዛታቸው፣ ሹመትንም ለገንዘብ ማዋላቸው በዘመኑ ከተነሡባቸው ክሶች ዋነኞቹ ናቸው። አንድ ልጅ በዲማ ወይም በቢቸና ተወልዶ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ከራስ ኃይሉ በቀር ሌላ ገዥ አያውቅም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎጃም ገበሬ በዚያ ዘመን በአብዛኛው ርስተኛ እንደነበረ ልብ ማለት ያሻል። መሬቱን የያዘው በትውልድ ሐረጉ እንጂ ከባለ ሥልጣን በተቀበለው ጸጋ አይደለም። ገዥ ሊሾምበትና ሊሻርበት፣ ጉልት ሊተከልበት ይችላል፤ ርስቱ ግን ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው። በዚህም ምክንያት ባላገሩ ለገዥው የሚሰጠው ታማኝነት ሁልጊዜ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነበር። ገዥው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ መሆኑ ክብር ያሰጠዋል፤ ግብሩ ከልክ ሲያልፍ ወይም መሬቱ ሊለካ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ያ ክብር ብዙም አይሰነብትም። ይህ ጠባይ ከራስ ኃይሉ ዘመን በኋላም አልጠፋም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው ዓመፅ መንግሥቱን አስጨንቆ ጠቅላይ ገዥውን እስከ ማስነሣት አድርሷል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑና ሕገ መንግሥት ካወጁ በኋላ በዘር የሚተላለፉ ግዛቶች ቀናቸው እየጠበበ ሄደ። ማዕከላዊው መንግሥት ጎጃምን በቀጥታ ለመያዝ አጋጣሚ ያገኘው በ1924 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ልጅ ኢያሱ ፍቼ ከነበሩበት እስር ባመለጡ ጊዜ ራስ ኃይሉ የማምለጡ ተባባሪ ናቸው ተብለው ለፍርድ ቀረቡ። የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ከባድ ቅጣት ከፈሉ፣ ሀብታቸውም ተወረሰ። በምትካቸው የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባው መንግሥት ስሌት ምን ያህል ቀና እንደነበረ ለመናገር ያስቸግራል። በግብር የተማረረው ባላገር በራስ ኃይሉ መውረድ አለመከፋቱ የሚጠበቅ ነው፤ ራስ እምሩም በመልካም አስተዳደር ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው። የመሳፍንቱ ቤትና ተከታዮቹ ግን የጎጃም አልጋ ለሸዋ ሰው መሰጠቱን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ቅሬታው ፈጦ የወጣው በመጥፎ ሰዓት ነበር። ራስ እምሩ በ1928 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር በዘመቱበት ወቅት የዚያው ቤት ተወላጅ የሆኑት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከዘመቻው ተለይተው ደብረ ማርቆስ ላይ ዐመፁ። በዚያው ዓመት ከአንድ አገር ወጥተው አንዱ ለንጉሠ ነገሥቱ ሽሬ ላይ ሲሞት፣ ሌላው በቤቱ አጠገብ በንጉሠ ነገሥቱ ሹም ላይ ጠመንጃ አነሣ። የጎጃም ሕዝብ ወገኑ ይህ ነው ተብሎ በአንድ ቃል ሊነገርለት የማይችለው ስለዚህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ከሄዱ በኋላ ራስ ኃይሉ ከእስር ወጥተው ለኢጣሊያ ገቡ። የታሰረና የተወረሰ ሰው አሳሪውን ጠልቶ ወደ ሌላው መጠጋቱ ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን በዚህ ሰበብ የሚሸፈን አይደለም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ፍቼ ላይ እጃቸውን እንዲሰጡ ያግባቡት፣ የሕይወታቸውም ዋስትና ሆነው የቀረቡት ራስ ኃይሉ ነበሩ። ኢጣሊያኖች ሁለቱንም ወንድማማቾች ወዲያው ገደሏቸው። በአገራችን ባህል የሽማግሌ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ድርጊት በስማቸው ላይ የቀረ ከባድ እድፍ መሆኑን መንገር አያስፈልግም።

ወራሪው በጎጃም ላይ የነበረው ግምት ቀላል ነበር። አገሩ በመሳፍንቱ መታሰር አዝኗል፤ ከሸዋ መንግሥት ጋር ቅሬታ አለው፤ ስለዚህ ለኢጣሊያ ያድራል። መጀመሪያ ላይ ግምቱ የያዘ መስሎ ነበር፤ የኢጣሊያ ጦር ደብረ ማርቆስን የያዘው ብዙ ሳይዋጋ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን ትጥቅ አውርዱ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ የሹማምንቱ ግፍና ውርደት ተከተለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ወርም በደብረ ሊባኖስ ገዳም የተፈጸመው ጭፍጨፋ በየአድባራቱ ተሰማ። መሣሪያውን እንደ ርስቱ የሚቆጥር ገበሬ ካህናቱ የታረዱበትን መንግሥት አላመነም። ከ1929 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጎጃም ከዳር እስከ ዳር ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመትም የኢጣሊያ ጦር በከተሞችና በምሽጎች ውስጥ ታጥሮ መዋል ግድ ሆነበት።

የዐርበኞቹ መሪዎች ከአንድ ወገን የመጡ አልነበሩም። ነጋሽ በዛብህ የራስ በዛብህ ልጅ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ፣ ስለዚህም የራስ ኃይሉ የወንድም ልጅ ናቸው። መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው በየአውራጃቸው ብዙ ጦር አሰልፈዋል። ዲማ በምትገኝበት በቢቸና በኩል ደግሞ ከመሳፍንት ቤት ያልመጣው በላይ ዘለቀ በጀግንነቱና በአስተዳደር ችሎታው ገንኖ ወጣ። አጎቱ ለጠላት አድረው የወንድም ልጅ በዱር ይዋጋል። ባላገሩ የሚከተለው የቤቱን ስም ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲገቡ ኢጣሊያኖች የቀራቸውን ካርታ መዘዙ። ራስ ኃይሉን ወደ አባታቸው አገር ልከው ሕዝቡን እንዲያረጉላቸው አደረጉ። እውነቱን ለመናገር መምጣታቸው ከንቱ አልነበረም። ስማቸው የሳባቸው ጥቂቶች አልነበሩም፤ አንዳንድ ዐርበኛም አመንትቷል። የኢጣሊያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ በሸፈርታክ በኩል ዓባይን ሲሻገር በላይ ዘለቀ ያላጠቃው ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ ስላባበሉት ነው የሚል ወሬ በወቅቱ በነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ዘንድ ይነገር ነበር። ነገሩ ክርክር ያለበት ሲሆን በበላይ ዘለቀ ላይም እስከ መጨረሻው ጥላ አጥልቷል። ያም ሆነ ይህ ኢጣሊያ የጓጓችለት የጎጃም ሕዝብ በራስ ኃይሉ ዙሪያ ተሰልፎ ንጉሠ ነገሥቱን ሊያግድ አልወጣም። ራስ ኃይሉ በከተማዋ ከተከታዮቻቸው ጋር ቀሩ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ወገን ለውጠው እጅ ነሡ።

ከነፃነት በኋላ አዲስ አበባ ተወስደው በጥበቃ ሥር ኖሩ እንጂ ወደ ጎጃም ሥልጣን አልተመለሱም፤ ያረፉትም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከእርሳቸው በፊት ልጃቸው ማሞ ኃይሉ ሞቷል። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ከተቀጡት መካከል ከኢጣሊያ ጋር የነበረው ማሞ ኃይሉና አምስት ዓመት ኢጣሊያን የተዋጋው፣ ኋላ ግን ከተመለሰው መንግሥት ጋር የተጣላው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አብረው ነበሩ። ዐርበኛው የወንድም ልጅ ነጋሽ በዛብህ ደግሞ ቢትወደድ ተብለው ከፍተኛ የመንግሥት ሹመት ከያዙ በኋላ በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ።