ማይልስ ሆርተን፦ አላዝም ያለው መምህር

ማይልስ ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ተወለደ። የዴንማርክን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከጎበኘ በኋላ፣ በ1932 ከወዳጁ ጋር የሃይላንደርን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችና አባላት በዚያ እየኖሩ፣ የየራሳቸውን ችግር በጉባኤ እየመረመሩ፣ አድማና ስብሰባ መምራትን ተማሩ። ኋላም ነጩና ጥቁሩ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ።

አንድ ጊዜ አድመኞች መላ እንዲሰጣቸው ቢለምኑት እምቢ አለ፤ አንደኛው ሽጉጥ ቢያወጣበትም ውሳኔውን ለእነርሱው ተወ። በ1955 ክረምት ሮዛ ፓርክስ ከዚያ ተምራ ሄደች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የአውቶቡስ መቀመጫዋን አልለቅም አለች። በ1961 ግዛቱ ትምህርት ቤቱን ቢዘጋውም፣ ሥራው በሌላ ስም ቀጠለ። ሆርተን በ1990 ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ሠራተኛውን ለመምራት እንቸኩላለን። አስቀድመን ግን እርሱን መስማት እንማር።