ጄኔራል ጆን ቶምፕሰን እና የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃቸው

የሽጉጥ ጥይት ጎርሶ እንደ ጠመንጃ በትከሻ ተደግፎ የሚተኮስ መሣሪያ ከሁለት ወገን ትችት ይቀርብበታል። ከሽጉጥ ጋር ሲተያይ ይከብዳል፤ ከጠመንጃ ጋር ሲተያይ ደግሞ ርቀቱ ያጥራል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው ብርጋዴር ጄኔራል ጆን ቶምፕሰን አብዛኛውን የአገልግሎት ዘመናቸውን ያሳለፉት የጦር መሣሪያን በመመርመርና በመምረጥ ነበር። ይሁንና በስማቸው የተጠራው መሣሪያ በፈተና ወቅት እየተመሰገነ በቂ ገዢ ሳያገኝ ለሃያ ዓመታት ገደማ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶምፕሰን ዲሴምበር 31 ቀን 1860 በኬንታኪ ግዛት በኒውፖርት ከተማ ከመኮንን ቤተሰብ ተወለዱ። በ1882 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው በመድፈኛ ክፍል ካገለገሉ በኋላ በ1890 ወደ ጦሩ የመሣሪያ ግምጃ ቤት መምሪያ ተዛወሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራቸው ተዋጊው የሚይዘውን መሣሪያ መምረጥና በጊዜው ማድረስ ሆነ።

በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር በኩባ ስትዋጋ፣ በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ወደብ በኩል ለዘመቻው የሚያልፈውን መሣሪያና ጥይት የማሰናዳት ኃላፊነት የእርሳቸው ነበር። የታምፓ ወደብ መተራመስ በአሜሪካ የጦር ታሪክ ውስጥ በመጥፎ ምሳሌነት ይጠቀሳል። የቶምፕሰን ክፍል ግን ሥራውን በሥርዓት በማከናወኑ እርሳቸው ወደ ኮሎኔልነት ማዕረግ ከፍ ለማለት በቅተዋል። በዚያው ጊዜ ጋትሊንግ የተባለው በእጅ የሚዘወር መትረየስ ጆን ፓርከር ለተባለ ወጣት መኮንን እንዲደርስ ረድተዋል። እነዚህ መትረየሶች በሳን ሁዋን ኮረብቶች ላይ ወደ ፊት ለሚገሠግሠው እግረኛ ሽፋን ሰጥተዋል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ በሽጉጥ ጥይት ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። በፊሊፒንስ በተካሄደው ውጊያ የጦሩ ባለ 0.38 ኢንች ሽጉጥ እየሮጠ የሚመጣን ባላጋራ አያቆምም የሚል አቤቱታ ከየግንባሩ ይቀርብ ነበር። በ1904 ቶምፕሰንና የሕክምና መኮንኑ ሻለቃ ሉዊስ ላጋርድ ልዩ ልዩ ጥይቶችን በቺካጎ ቄራ በቁም ከብቶች ላይ፣ እንዲሁም በሰው አስከሬን ላይ ሞከሩ። የአፈጻጸሙ ዝርዝር ዛሬ ለሚያነበው ሰው የሚከብድ ሲሆን፣ የከብቶቹ ቁጥር አነስተኛ መሆኑም የምርመራውን ሳይንሳዊ ክብደት ይቀንሰዋል። መርማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ግን ለወታደር የሚሰጥ ሽጉጥ ጥይቱ ከ0.45 ኢንች፣ ማለትም ከ11.43 ሚሊ ሜትር፣ ማነስ የለበትም የሚል ነበር። ጦሩ በ1911 የተቀበለው የኮልት ሽጉጥ በዚህ መጠን የተሠራ ነው። ይኸው ጥይት ከዓመታት በኋላ ባልተጠበቀ መንገድ ወደ ቶምፕሰን ተመልሶ መጣ።

በ1914 ጡረታ ወጥተው በሬሚንግተን ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆኑ። በአውሮፓ ጦር በየምሽጉ ውስጥ ተፋጥጦ በነበረበት በዚያ ወቅት የቶምፕሰን ምኞት አንድ ወታደር ብቻውን ተሸክሞ የሚተኩሰው፣ በራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ መሥራት ነበር። ለዚህም ቶማስ ፎርቹን ራያን በተባሉት ባለጸጋ ገንዘብ በ1916 አውቶ ኦርድናንስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። የኩባንያው መነሻ ጆን ብሊሽ የተባሉ የባሕር ኃይል መኮንን ያስመዘገቡት የፈጠራ መብት ነው። ብሊሽ እንዳመለከቱት፣ በሰያፍ የተጋጠሙ ብረቶች ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍባቸው ለአፍታ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ይላቀቃሉ። በዚህ ሐሳብ የተሠራ መዝጊያ የተወሳሰበ መቆለፊያ ሳያስፈልገው ጠመንጃውን በራሱ እንዲጎርስ ያስችለዋል የሚል እምነት ነበር።

መሐንዲሶቹ ቴዎዶር አይክሆፍና ኦስካር ፔን ሙከራውን ሲቀጥሉ ግን የጦሩ የጠመንጃ ጥይት ለዚህ መዝጊያ እጅግ ኃይለኛ ሆኖ ተገኘ። ከጦሩ ጥይቶች መካከል ከመዝጊያው ጋር የተስማማው የ1911ዱ የሽጉጥ ጥይት ብቻ ነበር። ቶምፕሰን የጠመንጃውን ሐሳብ ለጊዜው አቆይተው ሥራውን በሽጉጥ ጥይት ወደሚሠራ አጭር መሣሪያ አዞሩት። የመሣሪያው ዋና ባሕርይ የተወሰነው በመዝጊያው አቅም ማነስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እርሳቸው ራሳቸው በ1917 ወደ ጦሩ ተጠርተው የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ያገኙ ሲሆን፣ ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ መሣሪያው ገና ግንባር አልደረሰም ነበር። ከትልቁ መትረየስ ለመለየት ንዑስ መትረየስ የሚል ስያሜ የተሰጠው ከዚያ በኋላ በ1919 ነው።

በ1920 በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ በተደረገው ፈተና 2,000 ጥይት ተተኩሶ የተጨናገፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኮልት ኩባንያ 15,000 መሣሪያዎችን እንዲያመርት ውል ተፈረመ።

የ1921ዱ ቶምፕሰን ባዶውን ከ4.5 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ጥይት የሞላው ክብ ሃምሳ ጎራሽ ካዝና ሲገጠምለት ደግሞ ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ ይጨመርበታል። ክብደቱ ለሚሸከመው ወታደር ሸክም፣ ለሚተኩሰው ግን እርዳታ ነው፤ ጥይቱ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ግፊት በከባዱ ብረት ውስጥ ይበርዳልና። ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት መጨበጫዎች መሣሪያውን አጥብቆ ለመያዝ ያመቻሉ። ሆኖም በደቂቃ 800 ጥይት ያህል በሚተፋበት ፍጥነት አፈሙዙ ወደ ላይ መነሣቱ አልቀረም። በ1926 የቀረበው፣ ጋዙን በአፈሙዙ ጫፍ ወደ ላይ የሚያስወጣ መሣሪያ ይህን ጉድለት በከፊል አርሟል። ክቡ ካዝና ለእይታ ቢያስፈራም ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል፤ በጉዞ ላይም ይንኳኳል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተኳሾች ቀጭኑን ሃያ ጎራሽ ይመርጡ ነበር። የኋላ ማነጣጠሪያው እስከ 600 ያርድ የተለካ ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ተስፋ ነበር፤ ከባዱና ዝግተኛው የሽጉጥ ጥይት ከዚያ ርቀት በፊት እጅግ ይወርዳል፤ በተከታታይ ሲተኮስ ደግሞ መሣሪያው የሚያስተማምነው በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ብቻ ነው። በ1927 አንድ በአንድ ብቻ የሚተኩስ ካርባይን፣ ማለትም አጭር ጠመንጃ፣ ቢቀርብም ብዙ ገዢ አልሳበም።

ዋናው ችግር መሣሪያው በጦሩ መደብ ውስጥ የተዘጋጀ ቦታ ማጣቱ ነው። ጦሩ ጠመንጃም ሽጉጥም ነበረው፤ በሰላም ጊዜ በተቀነሰ በጀትም 200 ዶላር የሚያወጣ ሦስተኛ ዓይነት ለመግዛት አልፈለገም። ኩባንያው ለፖሊስና ለንብረት ጠባቂዎች በማስታወቂያ ያቀርበው ጀመር። በጁን 1921 በኒው ጀርዚ በሆቦከን ወደብ ለአየርላንድ ተዋጊዎች ሊላኩ የነበሩ 495 ቶምፕሰኖች በአንዲት መርከብ ላይ ተያዙ። የጄኔራሉ ልጅ ማርሴለስም በዚሁ ጉዳይ ተከሰው ክሱ በኋላ ተነሥቷል። መሣሪያውን መግዛት የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የቺካጎ ወንበዴዎችም እጃቸውን አስገቡ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 በከተማው ሰባት ሰዎች ግድግዳ ሥር ተደርድረው የተገደሉት በሁለት ቶምፕሰኖች ጭምር ነበር። የመሣሪያዎቹ ማንነት በኋላ የተረጋገጠው ካልቪን ጎዳርድ የጥይቶቹን ጭረት በአጉሊ መነጽር በማመሳከር ነው። በ1934 የወጣው ብሔራዊ የመሣሪያ ሕግ መትረየስ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር 200 ዶላር ቀረጥ እንዲከፈል ደነገገ፤ ይህም ከመሣሪያው ከራሱ ዋጋ ጋር የሚስተካከል ነበር።

በዚህ መካከል የባሕር ወለድ ጦሩ ፖስታ ለመጠበቅና በኒካራጓ ለተሰማራው ኃይል ቶምፕሰንን ተጠቅሞበታል። የባሕር ኃይሉም በ1928 የተኩሱ ፍጥነት ዝግ እንዲል አድርጎ ገዝቷል። የምድር ጦሩ ለመደበኛ አገልግሎት የተቀበለው በ1938 ነው።

ጄኔራሉ በ1939 ለቀድሞ መሐንዲሳቸው ለአይክሆፍ በጻፉት ደብዳቤ መሣሪያው በክፉ ሰዎች እጅ መግባቱ እንዳስጨነቃቸውና ከእንግዲህ ሐሳባቸውን ከማጥፋት ይልቅ ሕይወትን ወደ ማዳን ሊያዞሩ እንደሚሹ ገልጸዋል። ልጃቸው ማርሴለስ በዚያው ዓመት አረፉ፤ ኩባንያውም ወደ ሌላ ባለቤት ተላለፈ። ቶምፕሰን ጁን 21 ቀን 1940 በ79 ዓመታቸው ሞተው በዌስት ፖይንት ተቀበሩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ቶምፕሰኖች ተመረቱ። በ1942 የሳቬጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ዋጋውን ለመቀነስ ክቡን ካዝናና ሌሎች ክፍሎችን ሲያስቀሩ፣ ኩባንያው የተመሠረተበትንና የሽጉጥ ጥይት እንዲመረጥ ያስገደደውን የብሊሽ መዝጊያም አብረው አወጡት። መሣሪያው ያለ እርሱም በሚገባ ተኮሰ።