ግንቡ ያላዳናቸው እቴጌ

የጎንደር ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው አፄ ፋሲልን ነው። እውነት ነው፤ ከተማዋን በ1636 መናገሻቸው ያደረጉት፣ ግዙፉን ግንብም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በፋሲል ግቢ ውስጥ ያሉት ግንቦች የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደሉም። ከፋሲል ጀምሮ ከነገሡት ብዙዎቹ የየራሳቸውን እየጨመሩ፣ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር የታጠረ አንድ ትልቅ ግቢ ሆነ። በዚህ ግቢ ውስጥ የመጨረሻውን ግንብ ያሠሩት ግን ንጉሥ ሳይሆኑ ንግሥት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ።

እቴጌዪቱ የቋራ ሰው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ በታሪክ የቀረው ግን ውበታቸውን የሚያደንቀው ምንትዋብ የሚለው ስም ነው። አፄ በካፋ ራሳቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው እንደወደቁና ያስታመመቻቸውን የባላገር ልጅ እንዳገቡ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ጋብቻው የተፈጸመው በ1722 ነው። በዓመቱም ኢያሱ የተባለው ልጃቸው ተወለደ።

በ1730 አፄ በካፋ ሲሞቱ አልጋ ወራሹ ገና የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። ሕፃን ሲነግሥ መኳንንቱ መንግሥቱን መቀራመታቸው በጎንደር አዲስ ነገር አልነበረም። ምንትዋብ ግን ሞግዚት ብቻ ሆነው መቅረትን አልመረጡም። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ሲነግሥ እርሳቸውም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር እኩል ነገሡ። ወንድሞቻቸውንና የቋራ ዘመዶቻቸውን አምጥተው በየሹመቱ ላይ አስቀመጡ። ከእነዚህም አንዱ፣ ወንድማቸው ወልደ ልዑል፣ ለረጅም ዘመን ራስ ሆነው የመንግሥቱን ሥራ መርተዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው በ1732 ነው። ሌላ ሰው አነግሣለሁ ያለ የአመፀኞች ጦር ጎንደር ገብቶ ግቢውን ከበበ። እቴጌዪቱና ሕፃኑ ንጉሥ በቅጥሩ ውስጥ ተዘግተው ቆዩ። ከተማው ሲጎዳ ግንቡ ግን ጸንቶ ቆመ፤ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ረዳት ጦር እስኪደርስም መከታ ሆናቸው። ያን ጊዜ ጠላት ከውጭ ነበርና ድንጋዩ ሥራውን ሠራ።

ከዚህ በኋላ ምንትዋብ ለራሳቸው ሌላ መኖሪያ አሠሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ በደብረ ፀሐይ ተራራ ግርጌ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የግብር አዳራሽና ቤተ መንግሥት በአንድ ቅጥር አስከትለው አቆሙ። ስሙንም ቅድስት ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ባረፈችበት በግብፁ ደብረ ቁስቋም ሰየሙት። በቀላ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም በፈረሰው ግድግዳ ላይ ይታያሉ። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ እቴጌዪቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ኑሯቸው ግን እንደ ግንቡ የጸና አልነበረም። ከአፄ በካፋ ሞት በኋላ የባላቸውን የእህት ልጅ ግራዝማች ኢያሱን ወደዱ፤ ከእርሳቸውም ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሕዝቡ ግራዝማቹን ምልምል ኢያሱ ይላቸው ነበር። እኒህም ሰው በ1742 ተገደሉ። በግድያው እጁ አለበት ተብሎ የታማው ንጉሡ ልጃቸው ነው።

ምንትዋብ መንግሥቱን ለማጽናት የተማመኑት ከግንብ ይልቅ በጋብቻ ነበር። ልጃቸውን ኢያሱን ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ጋር አጋቡ። ሴት ልጃቸውን አልጣሽን ደግሞ ለትግሬው ገዥ ለራስ ሚካኤል ስሁል ልጅ ዳሩ። ሐሳቡ ኃይለኛውን ሁሉ ቤተ ዘመድ ማድረግ ነው። ለዓመታትም ሠርቶላቸዋል።

በ1755 ዳግማዊ ኢያሱ ሞቱና ሕፃኑ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ሁለት የንጉሥ እናቶች ተገኙ፤ አያቲቱ ምንትዋብ የቋራ ወገኖቻቸውን፣ እናቲቱ ውቢት ደግሞ ወንድሞቻቸውንና የኦሮሞ ወታደሮቻቸውን ይዘው ተፋጠጡ። መሀል ሆነው ሁለቱን ወገን ያስታርቁ የነበሩት ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ ነገሩ ከእጅ አመለጠ። ገላጋይ ይሆናሉ ተብለው ከነጦራቸው ጎንደር የተጠሩት አማቹ ራስ ሚካኤል ስሁል ነበሩ።

ራስ ሚካኤል ግንቡን መክበብ አላስፈለጋቸውም፤ በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ። በ1769 አፄ ኢዮአስን አስገደሉ፤ ምትክ ያነገሡትንም ሽማግሌ በዚያው ዓመት ከዙፋን አጠፉ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው፣ እስከ 1855 የዘለቀው ጊዜ በዚህ ይጀምራል። የእቴጌዪቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች ማርያም ባርያ ከተገደሉ በኋላ፣ ራስ ሚካኤልን አገቡ። የልጅ ልጃቸውን ያስገደሉት ሰው ዳግመኛ አማች ሆነው መጡ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምንትዋብ ኑሯቸውን በቁስቋም አደረጉ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያገኛቸው በዚያ ነው። ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥቱን ልጆች በማከሙ በእቴጌዪቱ ዘንድ ተወደደ። እርሳቸው ኢየሩሳሌምን ለማየት ሲመኙ፣ እርሱ የአባይን ምንጭ ለማየት ያን ያህል አገር አቋርጦ መምጣቱ እንዳስገረማቸው ጽፏል። ኢየሩሳሌምን ሳያዩ በ1773 አረፉ።

በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈችም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ተሠርቷል። የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በዚያው ይገኛል ይባላል። ቁስቋም በ1979 በዩኔስኮ በተመዘገበው የጎንደር ቅርስ ውስጥ የተካተተች ብትሆንም ጎንደር ደርሶ ፋሲል ግቢን ብቻ አይቶ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው የታሪኩን ግማሽ አይቶ ተመለሰ ማለት ነው። ፋሲል ግቢ መንግሥት እንዴት እንደተገነባ ያሳያል፤ ቁስቋም ደግሞ እንዴት እንደፈረሰ ታሳያለች። ያንን መንግሥት ያፈረሰው ቅጥሩን ጥሶ የገባ ጠላት አይደለም፤ ከቅጥሩ ውስጥ መስማማት ያቃተው ቤተ ዘመድ ነው።