አውጉስት ቮለር፤ የብረትን ድካም የቆጠረ ሰው

ከእስቴ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሞጣ ለሚሻገር መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ የዓባይ መሻገሪያው ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የታነጸው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወገቡ ተቆርጦ ቀረ። በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በብረት ሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ድልድይ ባሰብሁ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው ስንት ኩንታል ይችላል እያልሁ ነበረ። ስንት ጊዜ ይችላል ብሎ መጠየቅም እንደሚገባ የተረዳሁት የአንድ ጀርመናዊ መሐንዲስን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ብረት ምን አገባው የሚል ጓደኛ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

አውጉስት ቮለር በ1819 በሰሜን ጀርመን በሶልታው ከተማ ከአስተማሪ አባት ተወለደ። በሐኖቨር የቴክኒክ ትምህርቱን ፈጽሞ በበርሊን በቦርሲግ ፋብሪካ ሠራ፤ ስለ ባቡርም ለመማር ወደ ቤልጅግ ሄደ። በ1847 በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው ፍራንክፈርት (ታላቂቱ ፍራንክፈርት ሌላ ናት) የባቡር መጠገኛው ሹም ሆነ። እዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

በዚያን ዘመን የባቡር ነገር ሕዝቡን ያስደነግጥ ነበር። በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሞተሩ ዘንግ ተሰበረና ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው በእሳት ተያያዙ። በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ስለ ነበር ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ለመሐንዲሶቹ እንቆቅልሽ የሆነባቸው ይኸ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘንግ የሚሰበረው አለመጠን ተጭኖ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚሸከመውን ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ሲሄድ ነበር። ስብራቱ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ስለ ታየ፣ ብረቱ ከመንቀጥቀጥ የተነሣ ባሕርዩን ለውጦ እንደ ጨው ፍሬ ፍሬ ሆነ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ሌሎች ጥፋቱን በአንጥረኛው ላይ ጣሉት።

ነገሩን ለመረዳት ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦ እንዴት እንደሚቈርጥ ማስታወስ ይበቃል። አንድ ጊዜ ቢያጥፈው አይቈረጥም፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ሲያጥፈው ግን ይሞቅና ይበጠሳል። የባቡር ዘንግም ከሸክሙ በታች ለዓይን በማይታይ መጠን ይጐብጣል። ላይ የነበረው ገጽ ይወጠራል፤ መንኮራኩሩ ግማሽ ዙር ሲዞር ያው ገጽ ወደ ታች ወርዶ ይጨመቃል። ስለዚህ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፣ አንድ ጊዜም ይቃናል ማለት ነው።

ቮለር ከመከራከር ይልቅ መለካትን መረጠ። በመጀመሪያ ዘንጉ በጉዞ ላይ ሳለ ምን ያህል እንደሚጐብጥ በዚንክ ሰሌዳ ላይ እየጫረ የሚመዘግብ መሣሪያ አበጀ። ከዚያም ልዩ ልዩ ብረት በሸክም እየጐበጠ የሚሽከረከርበት መኪና ሠራ። መኪናው በደቂቃ 72 ጊዜ ይዞር ነበር፤ ይኸም በቀን ከ100 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዙር በላይ የተፈተነ ብረት ነበረ። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ቢሰላ ለአንድ ቁራጭ ብረት ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ ለአንድ የፈተና ውጤት ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያቅተኛል።

በዚያው በ1860ዎቹ ዓመታት በእኛው አገር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ አንጥረኞች ሴባስቶፖልን ለማቅለጥ ይደክሙ ነበር። እነርሱ የፈለጉት አንዱን ታላቅ ፍንዳታ የሚችል ብረት ነው፤ ቮለር ያስጨነቀው ደግሞ ትንሹ ሸክም ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስ ነበር።

የመጨረሻው ዘገባ በ1870 ታተመ። ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ ከሚችለው እጅግ ባነሰ ኀይል፣ ኀይሉ በበቂ ቁጥር ከተደጋገመ፣ እንደሚሰበር አረጋገጠ። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት በትልቁና በትንሹ ውጥረት መካከል ያለው ልዩነት መሆኑንም አሳየ። ከአንድ ወሰን በታች ግን ብረቱ በሙከራው ሁሉ ሳይሰበር ይዘልቅ ነበር። ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት በሚለወጥበት ማዕዘን ቶሎ እንደሚሰነጠቅም ስላወቀ ማዕዘኑ እንዲለሰልስ መከረ። እንግዲህ የሞቱትን መንገደኞች የገደለ ብረት ክፉ ብረት ላይሆን ይችላል። ከአንጥረኛውም ከሾፌሩም ይልቅ ተጠያቂው ያልተቈጠረው ቁጥር ነበረ።

ቮለር ከ1874 ጀምሮ በስትራስቡርግ ከባቡር መሥሪያ ቤት ሹማምንት አንዱ ሆኖ አገለገለ፤ መንግሥት የብረት መፈተኛ ቤት እንዲያቋቁምም ወተወተ። በ1914 በሐኖቨር በ94 ዓመቱ ሞተ። ውጤቱን ያሳተመው በሠንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መስመር የሣሉት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በ1903 ኢዊንግና ሐምፍሪ ጥፋቱ በብረቱ ቅንጣት ውስጥ በጥቃቅን መንሸራተት እንደሚጀምር በማይክሮስኮፕ አዩ። ባስኲን በ1910 ቁጥሩን በቀመር አሰረው፤ በ1950ዎቹም ኮፊንና ማንሰን፣ እንደ ሽቦው ታጥፎ ለማይመለሰው ብረት ሌላ ቀመር አገኙ።

ነገር ግን ቮለር በብረት ያገኘው ወሰን በአሉሚኒየም ቅይጥ ላይ እንዲያ ቁርጥ ሆኖ አይገኝም። በ1954 ኮሜት የሚባሉት ሁለት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በሜዲትራኒያን ሰማይ ላይ የፈረሱት በዚሁ ድካም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከቦሌ የሚነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን ሁሉ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ እንዳረፈ በመዝገብ ይቈጠርለታል።