ራስ ጉግሣ ወሌ

ወረታና የፎገራ ሜዳ ከቀድሞው የበጌምድር ግዛት ስለ ነበሩ፥ የገዥውን የራስ ጉግሣ ወሌን ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች የተገባ ነው። አባታቸው ራስ ወሌ ብጡል፥ አክስታቸው እቴጌ ጣይቱ፥ ባለቤታቸውም ዘውዲቱ ምኒልክ ነበሩ። ነገር ግን ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ መኳንንቱ ባልና ሚስቱን ለያዩአቸው፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን ይገዙ ጀመር። አዲስ አበባ ሥልጣኑን ወደ መሐል እየሰበሰበች ስትሄድ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተቃቃሩ፤ በ1922 ዓ.ም. ጦር አነሡ። የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ዘመተባቸው፤ አውሮፕላንም ወረቀት በተነ፥ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ወደቁ፤ ንግሥቲቱም መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። ሹመትና ሽረት በደም ሳይሆን በሕግ ሲፈጸም አገር እንደሚያርፍ ከዚህ እንማራለን።